የካያክ ኮክፒት

የካያክ ኮክፒት በካያክ የላይኛው ሽፋን ላይ የሚገኝ፣ ቀዛፊው ገብቶ የሚቀመጥበት ክፍት ቦታ ነው። ካያክ በሁለቱም ጫፉ ምላስ ባለው መቅዘፊያ የሚነዳ ጠባብ ጀልባ ሲሆን፣ ቀዛፊው ፊቱን ወደሚሄድበት አቅጣጫ አድርጎ እግሩን ዘርግቶ ይቀመጥበታል። በጣና ሐይቅ የደንገል ታንኳ ቀዛፊው ከላይ ይቀመጣል፤ በካያክ ግን ከወገብ በታች ያለው አካል ወደ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ የኮክፒት ልክ ከጫማ ልክ ጋር ይመሳሰላል። ሲጠብ እግር ያደነዝዛል፣ ሲሰፋ ደግሞ ጀልባው ለቀዛፊው አይታዘዝም። የፋብሪካ ካያኮች ለብዙ ዓይነት ሰውነት እንዲሆኑ ተደርገው ስለሚሠሩ ባለቤቶቻቸው ብዙውን ጊዜ በስፖንጅና በማሰሪያ ለራሳቸው ያስተካክሏቸዋል።

ታሪክ

ካያክን የፈለሰፉት ኢኑይት፣ ዩፒክና አሌውት የተባሉት የአርክቲክ አካባቢ ሕዝቦች ናቸው። ከእንጨት ወይም ከአጥንት በተሠራ አጽም ላይ የአቆስጣ ቆዳ ወጥረው ይሠሩት ነበር። መለኪያው የባለቤቱ ገላ ነበር። በተለመደው አሠራር ርዝመቱ ሠሪው ሁለት እጁን ወደ ጎን ሲዘረጋ ካለው ስፋት ሦስት እጥፍ፣ የኮክፒቱ ወርድ የዳሌው ስፋት ሲደመር ሁለት ጭብጥ፣ ጥልቀቱ ደግሞ አንድ ጭብጥ ከነተዘረጋ አውራ ጣት ይሆናል። በግሪንላንድ ካያክ ከጭን በላይ የሚያልፈው ጎባጣ አግዳሚ «ማሲክ» ይባላል፤ ቀዛፊው ጭኑን በእሱ ሥር አጥብቆ ጀልባውን ይቆጣጠራል። በዚያ ውኃ ተገልብጦ መቅረት ሞት ስለነበር፣ ከጀልባው ሳይወጡ ተመልሶ መቃናት የአዳኞች መሠረታዊ ችሎታ ነበር።

የሰውነት መገናኛ ነጥቦች

እግር፦ ማስተካከል የሚጀመረው ከእግር መርገጫው ነው፤ የቀሩት ነጥቦች ሁሉ በእሱ ይወሰናሉ። የእግር መዳፍ የፊት ክፍል መርገጫውን ሲነካ ጉልበት በመጠኑ ታጥፎ ወደ ጎን መከፈት አለበት። የቅዝፊያ ኃይል ከክንድ ብቻ አይመጣም፤ ቀዛፊው ወገቡን እያዞረ በእግሩ ስለሚገፋ መርገጫው ከራቀ ኃይሉ ይባክናል። በኃይለኛ ወንዝ የሚነዱ ካያኮች ብዙውን ጊዜ በትንሽ መርገጫ ፈንታ ሰፊ ገበታ አላቸው፤ ጀልባው ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ እግር መርገጫውን አልፎ እንዳይቀረቀር ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. ጎርደን ብራውን ከፓስኳሌ ስካቱሮ ጋር ዓባይን እስከ ሜድትራኒያን ባሕር ሲወርድ የቀዘፈው በካያክ ነበር።

ዳሌና ጭን፦ በመቀመጫው ግራና ቀኝ የሚገቡት የስፖንጅ ትራሶች ዳሌ እንዳይንሸራተት ይይዛሉ። ቀዛፊው ወገቡን ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል ጀልባው ወዲያው መከተል ይኖርበታል። ቀጥ ብሎ ሲቀመጥ ግን ትራሶቹ መጫን የለባቸውም፤ ጥብቅ ማድረግ የጀማሪዎች የተለመደ ዝንባሌ ነው።

መቀመጫና ጀርባ፦ የእግር መደንዘዝ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው የመቀመጫው ጠርዝ የጭንን ሥር ሲጫንና ሳያቲክ የተባለውን ነርቭ ሲያስጨንቅ ነው። ከመቀመጫው ፊት ጭንን የሚደግፍ ሽብልቅ ስፖንጅ ማስገባት ክብደቱን ስለሚያከፋፍል ችግሩን ብዙ ጊዜ ያቃልለዋል። ወፍራም ትራስ ከሥር መጨመር ግን ሌላ ጣጣ አለው፤ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ከፍ ማለት የክብደት ማዕከሉን ከፍ አድርጎ ጀልባውን ያወላውላል። የጀርባ መደገፊያ ዝቅ ብሎ ከዳሌ አጥንት ትንሽ ከፍ ካለ ይበቃል። ረጅሙ መደገፊያ ለዕይታ ምቹ ቢመስልም የወገብን መዞር ያግዳል።

ቁሳቁስ

ተራ የፍራሽ ስፖንጅ ውኃ ስለሚመጥ አያገለግልም፤ የሚመረጠው አየሩ በተዘጉ ጥቃቅን ክፍሎች ውስጥ የታመቀ፣ ውኃ የማያስገባ ስፖንጅ ነው። በስለታም ቢላዋ ተቆርጦ በብርጭቆ ወረቀት ይሞረዳል። ከመለጠፉ በፊት በፕላስተር ተይዞ፣ ለቅዝፊያ በሚለበሰው ልብስ ጥቂት ቀን ቢሞከር ይመረጣል። ማስቲሽ በሁለቱም ገጽ ተቀብቶ ሲደርቅ ይጣበቃል፤ ትነቱ ጎጂና ተቀጣጣይ ስለሆነ ሥራው ነፋስ በሚገባበት ቦታ ይከናወናል። ከፖሊኤቲሊን ፕላስቲክ በተሠራ ጀልባ ላይ ማጣበቂያ በደንብ ስለማይዝ ስፖንጁን በማሰሪያ ወይም አጣብቆ በመሰካት ማቆም ይሻላል።

ከኮክፒት መውጣት

የተገለበጠ ቀዛፊ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ፣ በከፈፉ ላይ የተወጠረውን የውኃ መከላከያ ቀሚስ በማንጠልጠያው ስቦ ያላቅቃል፤ ከዚያም ከፈፉን በእጁ ገፍቶ እግሩን ያወጣል። የተጨመረ ስፖንጅ ጉልበትን ከያዘ ወይም የማሰሪያ ጫፍ ተንጠልጥሎ እግር ከጠለፈ ይህ መንገድ ይዘጋል። በዚህም ምክንያት ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ፣ አጠገብ የሚቆም ረዳት ባለበት፣ በጸጥተኛና ወገብ በሚደርስ ውኃ ውስጥ መገልበጥና መውጣት ይሞከራል፤ መጀመሪያ ያለ ቀሚሱ፣ ቀጥሎ ከነቀሚሱ።