የሕፃናት የተባለ በሽታ

ወዳጆቼ፣ የድሮ ተማሪዎቼም፣ ዛሬ የምጽፈው ስለ ንጉሥና ስለ ጦርነት አይደለም፤ ስለ አንጀት ነው። መሳቅ የፈለጋችሁ ስቃችሁ ጨርሱ፣ እጠብቃለሁ።

ባለፈው ሳምንት ከእህቴና ከልጇ ጋር ሐኪም ቤት ሄድን። ልጁ ዕድሜው ስለደረሰ የሕፃናት ክፍሉ ወደ አዋቂዎች ክፍል ሸኝቶታል። (እንድጽፍ ፈቅዶልኛል።) አዲሱ ሐኪም ካርዱን አገላብጦ «በሕፃንነትህ የተሠራልህ ቀዶ ጥገና የትኛው ዓይነት ነው?» ሲለው ልጁ ዞሮ እናቱን አየ። እሷ ሁሉንም ታውቃለች፤ ስንት ቀን እንደተኛ፣ የመስቀል ሰሞን እንደነበር፣ ስንት ሌሊት ቁጭ ብላ እንዳነጋች። የቀዶ ጥገናውን ስም ግን አታውቅም።

ቤት ስገባ ያው እንደ ልማዴ ታሪኩን ማገላበጥ ጀመርኩ።

በሽታው የሚጠራው በሃራልድ ሂርሽስፕሩንግ ስም ነው፤ የኮፐንሃገን የሕፃናት ሐኪም። እ.ኤ.አ. በ1886 በርሊን ላይ የሁለት ሕፃናትን ታሪክ ለሙያ ባልደረቦቹ አቀረበ። ሁለቱም ከተወለዱ ጀምሮ ሰገራ እየደረቀባቸው፣ ሆዳቸው ተነፍቶ፣ ዓመት ሳይሞላቸው ሞተዋል። አስከሬናቸው ሲመረመር ትልቁ አንጀት ከልክ በላይ ሰፍቶ ተገኘ። እንግዲህ የታመመው ይሄ የሰፋው ነው ተባለ።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። የሰፋው ጤነኛው ነበር! የታመመው ከሱ በታች ያለው፣ ዓይን የማይገባው ጠባብ ክፍል ነው። አንጀት ያለውን ወደ ታች የሚገፋው ግድግዳው ውስጥ ባሉ የነርቭ ሕዋሳት ነው። ጽንስ ሲያድግ ሕዋሳቱ ከላይ ወደ ታች እየወረዱ ይሰፍራሉ፤ መንገድ ላይ ከቀሩ የመጨረሻው ክፍል እንደተኮማተረ ይቀራል፣ ከላይ ያለው ደግሞ ሲገፋ ሲገፋ ይለጠጣል። ከ5,000 ሕፃናት አንዱ ገደማ እንዲህ ሆኖ ይወለዳል። ሐኪሞች ግን ለ60 ዓመት ያህል ዓይናቸው የሰፋው ላይ ነበር።

ነገሩን የፈታው ቦስተን ውስጥ ይሠራ የነበረው ኦርቫር ስዌንሰን ነው። ሰገራቸው በሆዳቸው በኩል እንዲወጣ የተደረገላቸው ልጆች ይሻላቸዋል፤ ቀዳዳው መልሶ ሲዘጋ ይታመማሉ። ታዲያ ጥፋቱ ከታች መሆን አለበት! በ1948 ከባልደረባው ጋር ዘዴውን አሳተመ፦ የታመመውን ቆርጦ ማውጣት፣ ጤነኛውን ወደ ታች ስቦ መስፋት። በኋላ ፈረንሳዊው ዱሃሜልና ጣሊያናዊው ሶአቬ የየራሳቸውን መንገድ አመጡ። ሐኪሙ «የትኛው?» ያለው ይህን ነው።

እኔን ያስደነቀኝ ግን ሌላ ነው። ከ1948 በፊት ይህን በሽታ ይዞ ለአዋቂነት የሚደርስ እምብዛም ስላልነበረ የአዋቂ ሐኪም ስለሱ የሚማርበት ምክንያት አልነበረም። ስዌንሰን በ2012 በ103 ዓመቱ ሲያርፍ፣ መጀመሪያ ካከማቸው ልጆች በሕይወት ያሉት 60 ዓመት አልፏቸዋል። «የሕፃናት በሽታ» የሚለው ስም ግን እንዳለ ነው።

ስም ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ከቀዶ ጥገና በኋላም የአንጀት ብግነት ሊነሳ ይችላል፤ ትኩሳት፣ የሆድ መነፋት፣ ክፉ ሽታ ያለው ተቅማጥ። ጊዜ አይሰጥም። ታሪኩን የማያውቅ ሐኪም «ተራ ተቅማጥ ነው» ብሎ ቢመልሰውስ? ልጁ ታሪኩን ራሱ ካልተናገረ፣ እናቱ በሌለችበት ሌሊት ማን ይናገርለታል?

እህቴ ማታ ከቁም ሳጥን ላይ አንድ ያረጀ ፌስታል አወረደች። የክትባት ካርድ፣ የመድኃኒት ማዘዣ፣ ከሁሉም ሥር የመውጫ ወረቀቱ። በእጅ ጽሑፍ፣ ቀለሙ ደብዝዞ፣ «ሶአቬ» ይላል። ልጁ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ለራሱ ላከው።

«በሚቀጥለው ቀጠሮ ብቻዬን ነው የምገባው» አላት።

«እኔስ?»

«አንቺ ውጭ ትጠብቂኛለሽ።»