ቤት ስንለቅ ደብዳቤያችን የት ይሄዳል?

ዘንድሮ ቤት ያልቀየረ ሰው ያለ አይመስልም። ከፒያሳና ከካዛንቺስ የተነሳ አለ፣ ኮንዶሚኒየም የደረሰው አለ፣ ኪራይ ተወዶበት ወደ ዳር የወጣ አለ። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን ደግሞ "እኛ ቤት ስንቀይር ለፖስታ ቤት እናሳውቃለን፣ ደብዳቤው ተከትሎን ይመጣል" ይሉናል። እኛ ጋ ይሄ ለምን አልተለመደም? መልሱ ያለው ታሪክ ውስጥ ነው።

የእኛ ፖስታ የተጀመረው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1886 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያዎቹ 7 ቴምብሮች ፓሪስ ታተሙ፤ 4ቱ የንጉሠ ነገሥቱን ምስል፣ 3ቱ አንበሳ የያዙ ነበሩ። የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል እስከሆንንበት እስከ 1901 ዓ.ም. ድረስ ግን ቴምብራችን ብቻውን ባሕር አያሻግርም ነበር። ወደ ውጭ ለሚሄድ ደብዳቤ ፈረንሳዮች ጅቡቲ ላይ የሚጠቀሙበት ቴምብር ይጨመርበት ነበር።

ደብዳቤው አገር ቤት ሲደርስም ቤት ድረስ አይመጣም፤ ባለቤቱ ሄዶ ይወስዳል፣ አቅም ያለው ሳጥን ይከራያል። አሜሪካም ብትሆን በትልልቅ ከተሞቿ ደብዳቤ በነፃ ቤት ለቤት ማደል የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1863 ነው። ለገጠሩ የተጀመረው ደግሞ በ1896፣ በእኛ የዓድዋ ዓመት። ልብ በሉ፣ ቤት መቀየር የፖስታ ቤቱም ጉዳይ የሚሆነው ፖስተኛው ደጃፋችሁን ሲያውቅ ነው።

እኛ ጋ አድራሻ ማለት ፖ.ሣ.ቁ. ሆኖ ቀረ። ይሄ ጥቅምም ነበረው። የ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 ቀበሌን ይዞ መጣ፤ የቤት ቁጥርም የቀበሌ ሆነ። በኋላ ቀበሌዎች ሲቀላቀሉ፣ ወረዳ ሲሆኑ፣ ቤቱ ሳይነቃነቅ አድራሻው ተሰደደ! ሳጥኑ ግን እዚያው ነው። 10 ጊዜ ቤት ብትቀይሩ ደብዳቤው እዚያው ይጠብቃችኋል።

ችግሩ ያለው የራሱ ሳጥን የሌለው ሰው ላይ ነው። አብዛኛው ሕዝብ እኮ የኖረው በመሥሪያ ቤት፣ በትምህርት ቤት ወይ በዘመድ ሳጥን "በእገሌ በኩል" እያለ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ሲለቅ ደብዳቤውን የሚያዞርለት ቅጽ አይደለም፤ ሰው ነው። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ፣ ዘበኛው፣ ጎረቤቷ። "እሳቸው ወደ ሰሚት ሄደዋል፣ ልጃቸው እዚህ ጋ ሱቅ አለው፣ ለሱ ስጡት" የምትለዋ ጎረቤት ናት ፖስታ ቤታችን።

አሁን ግን ሰፈር ሙሉ በሙሉ ሲነሳ ጎረቤቷም አብራ ተነሳች። እኔን የሚያሰጋኝ ይሄ ነው። የፍርድ ቤት መጥሪያ፣ የባንክ ማስጠንቀቂያ፣ የጡረታ ጉዳይ ባለቤቱን ፈልጎ ሲመጣ "የት ሄዱ?" ተብሎ የሚጠየቅ ሰው የለም።

ስለዚህ ቤት የለቀቃችሁ፣ አዲሱን አድራሻና ስልክ ለባንካችሁ፣ ክስ ካላችሁ ለፍርድ ቤቱ፣ ውጭ ላሉ ዘመዶቻችሁም አሁኑኑ አሳውቁ። ሳጥን ያላችሁ ዓመታዊ ኪራዩን አታሳልፉ። ወጣቶች ደግሞ ለእናትና አባቶቻችሁ ይሄን ጨርሱላቸው፤ እነሱ ዛሬም በጎረቤት ተማምነው ነው ያሉት። የድሮ ጎረቤቶቻችሁንም ስልክ ያዙ። ሰፈሩ ቢፈርስም እነሱ አሉ።

ቸር ሰንብቱ።