ፒያሳ አንድ ወር ልቀመጥ?

ያደግኩት ዲንሾ ነው፤ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና መሥሪያ ቤት ያለበት ከተማ። የደጋ አጋዘን ሲግጥ ማየት ለእኛ ብርቅ አይደለም። አሁን ሶፍትዌር እሠራለሁ፤ ለአንድ ፕሮጀክት አዲስ አበባ አንድ ወር መቀመጥ አለብኝ። ጓደኛዬ ፒያሳ ክፍል አግኝቶልኛል፦ የእንጨት በረንዳ፣ ያረጀ ደረጃ፣ ከታች ማኪያቶ። ፎቶውን ሳይ ልቤ ሸፈተ። ግን እሺ ከማለቴ በፊት ስለ ሰፈሩ ማሰብ ነበረብኝ፤ አክስቴ ዶሮ ማነቂያ ነበር የሚኖሩት።

ፒያሳ የሚለው ስም ከጣሊያን ወረራ (1928–1933 ዓ.ም.) የቀረ ነው። ሰፈሩ ግን ከዚያ በፊትም አራዳ ነበር፦ ገበያው፣ የአርመንና የግሪክ ነጋዴዎች ሱቅ፣ የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል።

እንዲህ ባለ ውድ ቦታ ላይ ድሃ እንዴት ቆየ? መልሱ ያለው 1967 ዓ.ም. ላይ ነው። ደርግ ሐምሌ ላይ ባወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ትንንሾቹ ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ፤ ኪራያቸውም ጥቂት ብር ሆኖ ለአሥርት ዓመታት ቆየ። ሌላ አገር ኪራይ እየናረ ነዋሪውን ቀስ በቀስ ይገፋዋል። እኛ ጋ ኪራዩ ቆሞ ቤቱ አረጀ፤ መንግሥት ቦታውን ሲፈልገው ደግሞ ሰው ሁሉ ባንዴ ተነሣ። በእኛ ሙያ ቋንቋ፣ ለዓመታት ያልታደሰ ሲስተም ዲሊት ተደረገ።

2016 ዓ.ም. ለእኔ ሁለት ነገር ነው። መስከረም ላይ ዩኔስኮ የባሌ ተራሮችን በዓለም ቅርስነት መዘገበ። የካቲት ላይ ፒያሳ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመረቀ፤ በዚያው ሰሞን ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ።

እውነቱን ለመናገር አክስቴ የድሮው ቤት አይናፍቃቸውም። ጣሪያው ያፈስ ነበር፤ ሽንት ቤቱም የጋራ ነበር። የኮንዶሚኒየሙ ቤት ይሻላል። ግን እንጀራ ይሸጡ ነበር።

"ቤቱስ ጥሩ ነው ልጄ፤ እንጀራዬን ግን ማን ይግዛኝ?" አሉኝ።

ጥያቄው ለባሌም ሩቅ አይደለም። ፓርኩ ውስጥ የሚኖሩና ከብት የሚያሰማሩ ሰዎች ጉዳይ ዛሬም ያከራክራል። ቅርስ ሲጠበቅም ሆነ ከተማ ሲታደስ "ሰውየውስ የት ይሂድ?" የሚለው መጨረሻ ላይ ነው የሚጠየቀው።

ክፍሉን ልከራየው ወስኛለሁ። የእኔ መቅረት አክስቴን ዶሮ ማነቂያ አይመልሳቸውም። የወሩን እንጀራ ግን የምገዛው ከእሳቸው ነው፤ ሁለት ታክሲ ቢያስይዘኝም።