ለገዛ ራስ የተገዛ ጠመንጃ፦ ከበላያ ተራራ እስከ ግልገል በለስ

በጎጃም ደጋ፣ ወደ መተከል ቆላ በሚያወርደውም አገር፣ አዝመራው በደህና ጎተራ የገባለት ገበሬ ለቤቱ የሚገዛው ብዙ ነው። ለሚስቱ ቀሚስ፣ ለልጆቹ ልብስ፣ ለጥማዱ በሬ፣ ለጓዳው ጨው። ይህ ሁሉ ግዴታው ነው። ለራሱ፣ ለደስታው ብሎ የሚገዛው ግን ለብዙ ትውልድ አንድ ዕቃ ነበር፤ ጠመንጃ። ሙግት የረታ፣ ከዘመቻ በደህና የተመለሰ፣ ሹመት ያገኘ፣ ወንድ ልጅ የተወለደለት ሰው ደስታው የሚሞላለት አዲስ መሣሪያ አንግቶ ገበያ ሲወጣ፣ በሠርግ ቤት ደጃፍም ወደ ሰማይ ሲተኩስ ነበር።

ስለዚህ ልማድ ብዙ ተዘፍኗል፤ ብዙም ተፎክሯል። የተዘፈነውና የተፎከረው ግን ከባለ ጠመንጃው ወገን ነው። ያንኑ ተኩስ ሰምቶ ልጆቹን አዝሎ ጫካ የገባው ሰው ምን እንደተሰማው የሚነግረን ጽሑፍ ጥቂት ነው። ግልገል በለስን የመረጥኩት ለዚህ ነው። ከተማዋ የመተከል ዞን መቀመጫ ናት፤ ጉሙዙ፣ ሺናሻው፣ አገው፣ አማራውና ኦሮሞው በአንድ ገበያ ይገናኙባታል። በዙሪያዋ ያለው ምድር የጠመንጃን ታሪክ ከአንግቾቹም ከሸሾቹም በኩል ያውቀዋል።

ጠመንጃ በአገራችን ከመሳፍንቱ ግምጃ ቤት ወጥቶ የተራው ሰው ሀብት መሆን የጀመረው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ግጥም መጻፉን ትቶ ነጋዴ ከሆነ በኋላ፣ በ1879 ዓ.ም. 2,040 ጠመንጃ በግመል አስጭኖ ከታጁራ ሸዋ ድረስ አምጥቷል። ብዙ ትርፍ አስቦ ቢመጣም ምኒልክ ዋጋውን እጅግ ቀንሰው ገዙት። በ1882 ዓ.ም. የአውሮፓ መንግሥታት ብራስልስ ላይ ተሰብስበው ወደ አፍሪካ የሚገባውን መሣሪያ ለመገደብ ሲስማሙ፣ በጅቡቲ በኩል የሚመጣው ግን አልተቋረጠም። በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የኢትዮጵያ ሠራዊት መቶ ሺህ ያህል ጠመንጃ ይዞ ተሰለፈ፤ ከጠላትም ከአሥር ሺህ በላይ ጠመንጃና 56 መድፍ ማረከ። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጦር ከዘማቾቹ አንዱ ነበርና ከድሉ በኋላ መሣሪያው በዓባይ ማዶ መንደሮችም ተዳረሰ። ጥይቱ ራሱ እስከ መገበያያነት ደረሰ፤ በብዙ ገበያዎች ያልተተኮሰ ጥይት እንደ አሞሌ ጨው የዝርዝር ገንዘብን ሥራ ይሠራ ነበር።

አዲስ ጠመንጃ የሚመርጥ ሰው አይቸኩልም። ብቻውንም አይሄድም፤ መሣሪያ የሚያውቅ ዘመድ ያስከትላል። አፈሙዙን ወደ ብርሃን አዙሮ የበርሜሉን ውስጥ ያያል፤ ጥርሱ ያለቀ እንደሆነ ጥይቱን አያቀናምና። መቀርቀሪያውን ይስባል፣ ቃታውን ይሞክራል፣ ሰደፉ የተሰነጠቀና በሰም የተደፈነ እንዳይሆን በጣቱ ይዳስሳል፣ ከጉንጩና ከትከሻው ጋር ያስማማዋል። ከሁሉ በላይ የሚጠይቀው ስለ ጥይቱ ነው። ጥይቱ በገበያ የማይገኝ ጠመንጃ የቱንም ያህል ቢያምር ከዱላ አይሻልም። ዘመናዊዎቹ ምንሽርና በልጅግ ከመጡም በኋላ ነጠላ ተኳሹ ውጅግራ ለብዙ ዘመን ከገበሬው ትከሻ ያልወረደበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ባሩዱ አገር ቤት ይቀመማል፣ ቀለሁም እየተለቀመ እንደገና ይሞላል።

ዋጋው በበሬ ነበር የሚታሰበው። ታዲያ ጥማድ በሬውን ሸጦ ብረት የሚገዛ ገበሬ ምን ነካው? እኔ ሞኝነት ነው አልልም። ከጌታው ግምጃ ቤት በተሰጠው ጠመንጃ የሚያገለግል ሰው ከጌታው የተጣላ ቀን መሣሪያውን ያስረክባል፤ ማዕረጉም አብሮ ይሄዳል። በገንዘቡ የገዛ ሰው ግን ጌታ ሊቀይር፣ ሊሸፍት፣ በግብር ሰብሳቢው ፊትም ቀና ብሎ ሊቆም ይችላል። ጠመንጃ ሲገዛ በዓል የሚደረገው ለዚህ ይመስለኛል። ሰውየው የሚያከብረው ከአንድ ሰው እጅ መውጣቱን ነው።

ይህ የነጻነት በዓል ግን ቆላ ሲወርድ መልኩ ይለወጥ ነበር። የመተከል ጉሙዝ ለረጅም ዘመን መሣሪያው ቀስትና ጦር ነበር። በቀስት አደን ጎበዝ ነው፤ ሰውንና ማሳውንም በቀስት ይጠብቃል። ከደጋ የሚወርደው ባለ ጠመንጃ ደግሞ አንድ ጊዜ ዝሆን ሊያድን፣ አንድ ጊዜ ግብር ሊያስከፍል፣ ብዙ ጊዜም ሰው ሊፈነግል ይመጣል። ባሪያ ፈንጋዩ ሰው ሸጦ ጠመንጃና ጥይት ይገዛል፤ በገዛው ጠመንጃ ተመልሶ ሰው ይይዛል። ይህ አዙሪት ከመተከል እስከ ጉባ፣ ከጉባ እስከ አሶሳ ድረስ ደርሷል። በ1890 ዓ.ም. ራስ መኮንን ወደ ቤኒሻንጉል ከዘመቱ በኋላ የአሶሳው ሼህ ኮጆሌ አል ሐሰን ለማዕከላዊው መንግሥት በወርቅ ይገብሩ ነበር፤ ግዛታቸውም በባሪያ ንግድ ስሙ የሚነሳ ነበር። በጉባ ሐምዳን አቡ ሾክ በሱዳን ጠረፍ ላይ ተመሳሳይ ኃይል ነበራቸው።

ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ከተነሱባት ክርክሮች ሁለቱ የባሪያ ንግድና የመሣሪያ ንግድ ነበሩ። ሁለቱ ጉዳዮች አብረው መነሳታቸው ለመተከል ሰው አዲስ ነገር አይደለም፤ እሱ በኑሮው ያውቃቸዋል። በዚያው በ1916 ዓ.ም. ባርነትን የሚገድብ አዋጅ ወጣ፤ በ1923 ዓ.ም. ሌላ ተጨመረ፤ ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው ግን ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. ነው። የመሣሪያው ጉዳይ በ1922 ዓ.ም. ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከጣሊያን ጋር በተፈረመ ውል ተያዘ። ውሉ ንጉሠ ነገሥቱ ለመንግሥታቸው መሣሪያ እንዲያስገቡ ፈቀደላቸው። በ1927 ዓ.ም. ወረራው ሲቃረብ ግን ኃያላኑ በራቸውን ዘጉ፤ ኢትዮጵያም ጥይት እየቆጠረች ወደ ጦርነት ገባች።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ለግልገል በለስ ሰው እጅግ ቅርብ የሆነው የበላያ ታሪክ ነው። በላያ ከከተማዋ ወደ ሰሜን ምዕራብ ከቆላው መሐል ብቻውን ቀጥ ብሎ የወጣ ተራራ ነው። በነሐሴ 1932 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ኮሎኔል ዳንኤል ሳንድፎርድ የሚመሩት፣ ሚሽን 101 የተባለው አነስተኛ ጓድ ከሱዳን ተነስቶ ጎጃም ገባ። ሥራው ጣሊያንን የሚዋጉትን አርበኞች ማገናኘት፣ ገንዘብና መሣሪያ ማድረስ ነበር። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ኦሜድላ ላይ ድንበሩን ተሻግረው የኢትዮጵያን ባንዲራ ሰቀሉ። ከዚያ በረሃውንና የቀርከሃውን ጫካ እያቋረጡ ጥር 29 ቀን በላያ ደረሱ። እንግሊዛዊው መኮንን ኦርድ ዊንጌት የሚመራው፣ የጌዴዎን ጦር የተባለው የዘመቻው ኃይል ስንቁንና መሣሪያውን ያጓጓዘው በግመል ነው። ለዘመቻው ከ15 ሺህ በላይ ግመሎች ተሰማርተዋል። የቆላው ሙቀት፣ የተራራው ድንጋይና የደጋው ብርድ ፈጃቸው፤ ከሞት የተረፉት ጥቂት ናቸው። የዘመቻውን መንገድ የግመል ሬሳ ሽታ ይጠቁም ነበር እስከ መባል ተደርሷል።

አርበኛው አምስት ዓመት ሙሉ በዱር በገደሉ ሲዋጋ ከማረከው መሣሪያ ሌላ እምብዛም አልነበረውም። ከሱዳን በኩል በመጀመሪያ የተላከለት ጠመንጃ ደግሞ አብዛኛው ነጠላ ተኳሽ ማርቲኒ ነበር፤ ሞዴሉ ከዓድዋ በፊት የተሠራ። መትረየስና አውሮፕላን ላለው ጠላት ይህን ይዞ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ አርበኛው ከማንም በላይ ያውቃል። ቅሬታውንም አልደበቀም። ስለዚህ በጎጃም የዚያ ዘመን ምርጥ ጠመንጃ ከማንም በስጦታ የተቀበሉት አልነበረም፤ ከጣሊያን ወታደር የማረኩት ነበር። የማረከ ሰው ራሱን የሸለመ ያህል ነው። ቡሬ የካቲት መጨረሻ ላይ ተለቀቀች፤ ንጉሠ ነገሥቱ መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። ነጻነት ሲመለስ በጎጃም ብዙ ቤት ምሰሶ ላይ የተሰቀለው ጠመንጃ ይህ የተማረከው ነው። ያን ጠመንጃ ልጅ ከአባቱ ሲወርስ የሚያለቅስ ከሆነ፣ የሚያለቅሰው ለብረቱ ብቻ አይደለም።

ስለዚያ ዘመቻ ሲጻፍ ግመሉ ይነሳል፣ መኮንኑ ይነሳል፣ ንጉሠ ነገሥቱ ይነሳሉ። የቆላው ሰው ግን አይነሳም። ያ ሁሉ ጓዝ ያለፈው በጉሙዝ ምድር ላይ ነው። ውኃው የእሱ ነው፤ መተላለፊያውን የሚያውቀውም እሱ ነው። ከድሉ በኋላ በተዘመረው መዝሙር ውስጥ ድርሻው አልተነገረለትም፤ ይህ ሊታረም የሚገባው በደል ነው ብዬ አምናለሁ።

ጉሙዙም ቆይቶ ጠመንጃ ገዝቷል። ማር፣ ወርቅና እህል እየሸጠ ገዛ። ለእሱ አዲሱ መሣሪያ ከጌጥነቱ ይልቅ አጥርነቱ ይበልጣል፤ አያቱ የሮጡበትን ተኩስ እያስታወሰ ነውና የሚገዛው። ደገኛው ጎረቤቱ ደግሞ ጉሙዙ ጠመንጃ እንደገዛ ሲሰማ ለራሱ የተሻለ ይመርጣል። እንዲህ እንዲህ እያለ የአንዱ የደስታ ግዢ የሌላውን የስጋት ግዢ እየወለደ ሄደ።

በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ደርግ በድርቅ ከተጎዱ አካባቢዎች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ወደ ፓዌ አመጣ። የጣሊያን መንግሥት ገንዘብ የሰጠበት የጣና በለስ ፕሮጀክትም ትራክተሩንና ሐኪም ቤቱን ይዞ ተከተለ። ጉሙዙ ያድንበትና ማር ይቆርጥበት የነበረው መሬት በአንድ ጊዜ ታረሰ፤ ሰፋሪውም ፈቅዶ አልመጣም። ሁለቱም ወገን ተጎጂ ሆኖ ሳለ ተፋጦ መኖር ግድ ሆነበት። በ1983 ዓ.ም. የደርግ ሠራዊት ሲበተን ክላሽንኮቭ በየገበያው ተዳረሰ። ውጅግራና ምንሽር ወደ ግድግዳ ጌጥነት ወረዱ። አንድ ጥይት ተኩሶ የሚያጎርሰው ሰው ጊዜ ወስዶ ያስብ ነበር፤ በክላሽ ሠላሳ ጥይት ለመጨረስ ግን የአንድ ሰው ቁጣ ይበቃል። የሠርጉ ተኩስም የጠቡ ተኩስም ከዚያ ወዲህ ሌላ ሆነ።

ምን እንደመጣ የመተከል ሰው አይነገረውም። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ ያለቁት ሰዎች ቁጥር ከመቶ በላይ እንደሆነ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በይፋ አስታውቋል። ያ አንድ ቀን ነው፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የፈሰሰው ደም የጉሙዙም፣ የአማራውም፣ የአገውም፣ የሺናሻውም፣ የኦሮሞውም ነው። ጠመንጃ ያለው ሁሉ አልተረፈም፤ የሌለው ደግሞ ያላንዳች መከላከያ ቀረ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝን ከልክሏል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የክልሉ መንግሥትና የጉሙዝ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ የሰላም ስምምነት ፈርመዋል። ሁለቱም መልካም ናቸው። ነገር ግን ገበሬውን ፈቃድ አውጣ፣ አስመዝግብ፣ አስረክብ ለማለት መጀመሪያ ሌሊቱን የሚጠብቅለት መንግሥት ሊኖር ይገባል። ያ ባልተሟላበት ቦታ ሰሊጡን ሸጦ ጠመንጃ የሚያማርጠውን ሰው ለመውቀስ እኔ አንደበቱ የለኝም። የምወቅሰው ጠመንጃውን ትቶ በሬውን በመረጠ ቀን ሳይጠብቀው የቀረውን መንግሥት ነው።

የጥፋቱንና የድሉን ታሪክ ከሁለቱም ወገን ለመሰብሰብ ጊዜው እያለቀ ነው። በላያን ያዩ አርበኞች አልፈዋል፤ ከአንደበታቸው የሰሙት ልጆቻቸውም አርጅተዋል። በደጋው ቤት የአባቱን ጠመንጃ ያስቀመጠ ሰው መሣሪያው መቼ፣ በምን ገንዘብ፣ ለየትኛው ደስታ እንደተገዛ ያስመዝግብ። በማንዱራ፣ በዳንጉርና በጉባ ያሉ የጉሙዝ ሽማግሌዎችና አሮጊቶችም አያቶቻቸው ከተኩስ ሲሸሹ በየትኛው ሸለቆ እንደተደበቁ ይንገሩን። የአሶሳና የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲዎች የታሪክ ተማሪዎቻቸውን መቅረጸ ድምፅ አስይዘው ወደነዚህ ቤቶች ይላኩ፤ በዚህ ዓመት፣ ክረምቱ ሳይገባ።