የባረቀ ጥይት ባለቤት



በአማርኛ «ጠብመንጃው ባረቀ» ስንል ድርጊቱን ለብረቱ እንሰጣለን። ሰውየውም «ባረቀበት» ይባላል እንጂ «ተኮሰ» አይባልም። ዛሬ የማቀርበው ታሪክ በአሜሪካ ለአሥርተ ዓመታት በዚሁ ልዩነት ላይ የተካሄደ ሙግት ነው፦ ምላጩ ሳይነካ የወጣ ጥይት የማን ነው? የአዳኙ ወይስ የሠሪው? ዓመታቱን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሬሚንግተን በ1816 በኒውዮርክ ግዛት የተመሠረተ የጦር መሣሪያ አምራች ነው። መሐንዲሱ ሜርል ዎከር የነደፈው ምላጭ በ1948 በወጣው ሞዴል 721፣ በኋላም በ1962 በወጣውና ዝናው በናኘው ሞዴል 700 ላይ ተገጠመ። ሲሳብ ለስላሳ ስለነበር አዳኞች ወደዱት። የልስላሴው ምስጢር ከምላጩ ጋር በስፕሪንግ ኃይል ብቻ ተጣብቃ የምትቆም አንዲት ትንሽ ቁራጭ ብረት ናት። ቆሻሻ ወይም የደረቀ ቅባት ጣልቃ ከገባ ቁራጯ ወደ ቦታዋ ላትመለስ ትችላለች። ያን ጊዜ ተኩሱን የሚያግደው የጥንቃቄ መቆለፊያው ብቻ ይሆናል፤ እሱ ሲለቀቅ ጠብመንጃው ይባርቃል። ይባስ ብሎ ከ1982 በፊት በተሠሩት ሞዴል 700 ጠብመንጃዎች ላይ የጎረሰውን ጥይት ለማውጣት መቆለፊያውን መልቀቅ ግድ ነበር።

ዎከር አደጋው አልተሰወረበትም። መሣሪያው ገበያ ሳይወጣ በ1946 በጽሑፍ አመልክቷል፤ በ1948 ደግሞ ምላጩን የሚያግድ ተጨማሪ አካል አቀረበ። ወጪው ለአንድ ጠብመንጃ 5.5 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። ኩባንያው አልተቀበለውም።

እኔን ይበልጥ የሚያስገርመኝ የ1979ኙ ቃለ ጉባኤ ነው። የኩባንያው ኮሚቴ ከ1975 በፊት ከተሠሩት 2 ሚሊዮን ጠብመንጃዎች ውስጥ 1 በመቶው፣ ማለትም 20,000 ያህሉ፣ መቆለፊያው ሲለቀቅ የሚባርቁበት ሁኔታ ሊፈጠር እንደሚችል አሰላ። 20,000ውን ለማግኘት 2 ሚሊዮኑን መሰብሰብ ስለሚያስፈልግም ጥሪ ላለማድረግ ወሰነ። ስሌቱ ትክክል ነው፤ ተማሪዬ ቢያቀርብልኝ ነጥብ አልቀንስበትም። ከ20,000ው አፈሙዝ ፊት ማን ሊቆም እንደሚችል ግን የስሌቱ አካል አልነበረም።

ነገሩ ይህን ያህል ዘመን የቆየበት አንዱ ምክንያት ሕጉ ነው። በ1972 የተቋቋመው የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን በጠብመንጃ ላይ ሥልጣን የለውም፤ ስለዚህ እንከን ያለበትን ምርት ሰብስብ ብሎ አምራቹን ማስገደድ አይችልም። ብዙ ክሶችም በስምምነት ሲዘጉ ሰነዶቻቸው በምስጢር ተቀመጡ። በእኔ ግምት ግን ከዚህ የሚበልጠው የደንበኛው የራሱ ሥነ ምግባር ነው። አዳኝ ገና በልጅነቱ አፈሙዝን ወደ ሰው እንዳያዞር ይማራል። ደንቡ ትክክል ነው። ነገር ግን ጥይት ባረቀበት ቀን ይኸው ደንብ ተመልሶ ራሱን ይከስሰዋል፤ አዳኙ ያፍራል፣ ዝም ይላል። ኩባንያውም በየችሎቱ የተከራከረው ጥፋቱ የመሣሪያው ሳይሆን የያዡ ነው እያለ ነበር። ደንበኛው በስሙ ላይ ያሳደረው እምነት ለኩባንያው ጋሻ ሆነለት።

ሌላ መንገድ አልነበረም እንዳይባል፣ ሩገር የተባለውን አምራች እንመልከት። ከ1973 በፊት የሠራቸው ስድስት ጎራሽ ሽጉጦቹ ወድቀው መዶሻቸው ሲመታ ሊባርቁ ይችሉ ነበር። ከ1982 ጀምሮ በነጻ አስተካክላለሁ አለ፤ የሚያወጣቸውን የቀድሞ አካላትም ለባለቤቱ ይመልሳል። አሮጌውን መሣሪያ እንደ ቅርስ የሚያይ ሰው አካሉ እንዳይጠፋበት እንደሚሳሳ ተረድቷል ማለት ነው። ሩገርም በደግነት ብቻ አላደረገውም፤ ክስ ገፍቶት ነው።

ሬሚንግተን አዲስ ምላጭ ያወጣው በ2007 ነው። በ2014 እሱንም በመገጣጠም ጉድለት ምክንያት ለመሰብሰብ ተገደደ። በ2017 በሚዙሪ የሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት 7.5 ሚሊዮን ያህል ጠብመንጃዎችን የሚመለከት ስምምነት አጸደቀ፤ ኩባንያው እንከን መኖሩን ሳያምን የአብዛኞቹን ምላጭ በነጻ ሊቀይር ተስማማ። በ2018 እና በ2020 ለኪሳራ የበቃው በምላጩ ምክንያት ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም፤ ከሁሉ በላይ የጣለው ዕዳ ነው።

ስምምነቱ ሊጸድቅ ሲል ምላጬ ይቀየርልኝ ብለው ያመለከቱት ወደ 22,000 ገደማ ነበሩ። ከ7.5 ሚሊዮን ጠብመንጃ ባለቤቶች መካከል ማለት ነው። ማስታወቂያው ያልደረሳቸው ብዙዎች ናቸው። ደርሷቸው «የእኔ ባርቆ አያውቅም» ብለው ወደ ቁም ሣጥኑ የመለሱት ግን ጥቂት አይመስሉኝም።