የቤዝ ጊታር ሚዛንና የተጫዋቹ ትከሻ፦ ከበገና ቀምበር እስከ ራስ አልባው ጊታር

በሰሜን ሸዋ፣ በግሼ ምድር፣ ራቤልና አካባቢዋን በመሰለ የመንዝ ደጋ፣ አራሹ ማለዳ ወደ እርሻው ሲሄድ ሞፈርና ቀንበሩን በትከሻው ላይ አጋድሞ ነው። ሞፈር ረጅም እንጨት ነው፤ ወፍራሙ ጫፍ ከቀጭኑ ይከብዳል። ልምድ ያለው ሰው ትከሻውን የሚያስገባው በእንጨቱ ርዝመት አጋማሽ ላይ ሳይሆን ክብደቱ በግራና በቀኝ በሚመዛዘንበት ቦታ ላይ ነው። ያን ቦታ ካገኘ እጁ እንጨቱን ደገፍ ከማድረግ ያለፈ ሥራ የለበትም። ቦታውን የሳተ ጎረምሳ ግን መንገዱን ሁሉ በክንዱ ሲታገል ይሄዳል፤ ማታም የሚያመው ሸክሙ ያረፈበት ትከሻው ብቻ ሳይሆን ክንዱና አንገቱ ጭምር ነው።

ከዚህ ደጋ እጅግ ርቆ የተወለደው የኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታር ታሪክ በአመዛኙ የዚሁ ጥያቄ ታሪክ ነው። መሣሪያው አራት ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። አራት ኪሎ ግራም ለጤነኛ ሰው ብዙ አይደለም፤ በአንድ ትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ ለአምስትና ለስድስት ሰዓት ሲቆይ፣ ይልቁንም ክብደቱ ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብል ግን ነገሩ ይለወጣል። በዚህ የተነሳ እጁን የታመመ ሙዚቀኛ «ተወው» የሚል ምክር ሲሰጠው የሚተወው መዝናኛውን አይደለም፤ እንጀራውን ነው።

በአገራችን መሣሪያዎች ዘንድ ይህ ችግር የተፈታው በአብዛኛው በአቀማመጥ ነበር። የበገና ሁለት ምሶሶዎች ከላይ የሚጋጠሙበት፣ አውታሮቹም የሚወጠሩበት አግድም እንጨት እንደ በሬው ዕቃ ቀምበር መባሉ የአጋጣሚ ነገር አይመስልም። ከታች የድምፁ ሣጥን የሆነው ገበቴ አለ፤ አውታሮቹ በበርኩማው ላይ ያርፋሉ፤ እንዚራ የተባሉት የቆዳ ቁርጥራጮች ደግሞ ያን የሚታወቀውን ንዝረት ይሰጣሉ። አሥሩ አውታሮች ከበግ አንጀት የሚሠሩ በመሆናቸው በጉን ለባናና ለዝተት ከሚሸልት አገር ጋር በገና በቁሳቁስም ይዛመዳል። ቁመቱ ከአንድ ሜትር የሚበልጠው ይህ መሣሪያ ግን በትከሻ አይንጠለጠልም፤ ደርዳሪው ተቀምጦ በስተግራው አስጠግቶ ይደረድረዋል። ከሠርግ ሠርግ የሚዞረው አዝማሪ በበኩሉ የያዘው ማሲንቆ ነው፤ አንድ የፈረስ ጭራ አውታርና በፍየል ቆዳ የተለበጠ ቀላል ሣጥን ብቻ ስለሆነ ቆሞ ቢጫወትበትም ትከሻውን አያጎብጠውም።

ችግሩ የሚመጣው ወፍራም ድምፅ ሲፈለግ ነው። ዝቅ ያለ ድምፅ ረጅም ወይም ወፍራም አውታር፣ በአየር የሚነፋ ከሆነም ረጅም ቱቦ ይጠይቃል። አውሮጳውያን ኮንትራባስን ከሰው ቁመት አስበልጠው መሬት ላይ አቆሙት፤ በዚህም ክብደቱን ለወለሉ ሰጡት። በሰልፍ የሚሄደው የነሐስ ባንድ ግን ወለል የለውም፤ ስለዚህ ቱቦው በነፊው ገላ ዙሪያ ተጠምጥሞ በትከሻው ላይ እንዲያርፍ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች፣ «አርባ ልጆች» የተባሉት፣ በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የኢትዮጵያን ዘመናዊ ሙዚቃ ሲያስጀምሩ መሣሪያቸው ነሐስ ነበር። ከእነርሱ በኋላ በተቋቋሙት የጦር ሠራዊትና የክብር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍሎችም የወፍራሙ ድምፅ ተሸካሚ በቃሉ ሙሉ ትርጉም ተሸካሚ ሆኖ ኖሯል።

በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፖል ታትማርክ የተባለ የሲያትል ሰው አግድም የሚያዝ የኤሌክትሪክ ቤዝ ሠርቶ ነበር፤ ገበያ አላገኘም። ታሪኩን የለወጠው ሊዮ ፌንደር ነው። ፌንደር በካሊፎርኒያ ፉለርተን ከተማ ራዲዮ ጠጋኝ የነበረ፣ ራሱ ጊታር መጫወት የማይችል ሰው ነበር። መጫወት አለመቻሉ ጉዳት የሚመስል ቢሆንም ጥቅም ነበረው፤ የሚጫወቱትን ሰዎች አቤቱታ መስማት ግዴታው ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1951 ያወጣው ፕሪሲዥን ቤዝ የአውታሩ ርዝመት 86 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። የተለመደው የፌንደር ጊታር አውታር 65 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ አንገቱ በብዙ ረዝሟል ማለት ነው። በዚያ ረጅም አንገት ጫፍ ላይ ደግሞ አራት ከባድ የብረት መቃኛዎች አሉ።

እዚህ ላይ የሞፈሩ ሒሳብ ይመለሳል። አንድ መቃኛ 100 ግራም ቢመዝን አራቱ 400 ግራም ይሆናሉ። የማንገቻው የፊት ማያያዣ ከእነርሱ 80 ሳንቲ ሜትር ርቆ ቢገኝ፣ የአንገቱን እንጨት ክብደት ለጊዜው ትተን እንኳ፣ 2.5 ኪሎ ግራም የሚመዝነው ገላ መቃኛዎቹን ለመመከት የክብደቱ እምብርት ከማያያዣው 13 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ መዋል አለበት። ማያያዣው ወደ ገላው በተጠጋ ቁጥር መቃኛዎቹ ይርቃሉ፣ ገላውም የመመከት አቅሙ ይቀንሳል፤ አንገቱም ወደ መሬት ይዘቀዘቃል። የሚዘቀዘቀውን አንገት የሚይዘው ማን ነው? የተጫዋቹ ግራ እጅ ነው። አውታር ለመጫንና ቦታ ለመቀያየር ነፃ መሆን የሚገባው እጅ ምሶሶም እንዲሆን ይገደዳል። ፌንደር ለዚህ የሰጠው መልስ በመሣሪያው ገላ ላይ ከላይ በኩል ረጅም ቀንድ ማውጣት ነበር። ቀንዱ ማያያዣውን ወደ አንገቱ አጋማሽ፣ ወደ 12ኛው ፍሬት አካባቢ አደረሰው። ብዙ ሰው ለውበት የወጣ የሚመስለው ያ ቀንድ የመንጠልጠያ ሥራ ያለው አካል ነው።

የመጀመሪያው ፕሪሲዥን ቤዝ ግን ጠርዙ እንደ ሳንቃ የቀና ነበር። ቢል ካርሰንና ሬክስ ጋሊየን የተባሉት ጊታሪስቶች የጊታሩ ጠርዝ የጎን አጥንታቸውን እንደሚወጋ ለፌንደር አመለከቱ። እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣው ስትራቶካስተር ከጀርባው ለደረት፣ ከፊቱ ለቀኝ ክንድ ተፍቆ ቀረበ፤ በዚያው ዓመት ቤዙም ተመሳሳይ ፍቀት አገኘ። የክንዱ ፍቀት ከምቾት በላይ ዋጋ አለው። የተሳለ ጠርዝ ለሰዓታት በክንድ ሥጋ ላይ ሲያርፍ ከሥሩ የሚያልፉትን ጅማቶች ይጫናል፤ ተጫዋቹም ጠርዙን ለመሸሽ አንጓውን አላግባብ ያጥፋል።

ሁሉም ሠሪ ይህን መንገድ አልተከተለም። የጊብሰን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1961 ያወጣው ኢቢ 3 ቀንዱ አጭር በመሆኑ አንገቱ የሚከብድ ሆነ። በ1963 የወጣውን ተንደርበርድ የነደፈው ሬይ ዲትሪክ የታወቀ የመኪና ገላ ነዳፊ ነበር። ተንደርበርድ መልኩ እስከ ዛሬ የሚደነቅ፣ አንገቱም እስከ ዛሬ የሚዘቀዘቅ መሣሪያ ነው፤ መኪና ሰው የሚቀመጥበት እንጂ ሰው የሚሸከመው ዕቃ አለመሆኑን ነዳፊው የዘነጋ ይመስላል። በጀርመን የሆፍነር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1956 ያወጣው የቫዮሊን ቅርጽ ያለው ቤዝ ግን ውስጡ ክፍት በመሆኑ እጅግ ቀላል ነበር፤ የቢትልሱ ፖል ማካርትኒ በሐምቡርግ ሳለ የገዛው ይህንኑ ነው።

ኤሌክትሪክ ቤዝ ወደ አዲስ አበባ የገባው በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሆቴል ባንዶች በተስፋፉበት ዘመን ነው። በአይቤክስ ባንድ ጆቫኒ ሪኮ፣ በዋልያስ ባንድ መላከ ገብሬ የያዙት የቤዝ መስመር የዚያ ዘመን ሙዚቃ የጀርባ አጥንት መሆኑን የ1975ቱ የማሕሙድ አህመድ «ኧረ መላ መላ» እና የ1977ቱ የዋልያስ «ቸ በለው» ይመሰክራሉ። ለጤና ጸሐፊ ግን ከሸክላው ይልቅ የሥራው ሰዓት ይበልጥ ይናገራል። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ የሰዓት እላፊ ሲታወጅ የምሽት ቤት እንግዳ እኩለ ሌሊት ላይ ወደ ቤቱ መሄድ አልቻለም፤ በሩ ተዘግቶ እስኪነጋ መቆየት ነበረበት። እንግዳው ሲቆይ ባንዱም ይጫወታል። በሌላው አገር በሁለትና በሦስት ሰዓት የሚያበቃው የቤዝ ተጫዋች ቀን እዚህ ከምሽት እስከ ንጋት ሆነ።

ሌላም ነገር አለ። በዚያ ዘመን መሣሪያው ብዙውን ጊዜ የሚጫወትበት ሰው ሳይሆን የቤቱ ባለቤት ንብረት ነበር። ዋልያስ ባንድ የራሱን መሣሪያ መግዛቱ ከገንዘብ ነፃነት አንጻር ይወሳል፤ ነገር ግን የአካል ነፃነትም ነበር። መሣሪያው የሌላ ሰው ሲሆን ተጫዋቹ የማንገቻ ማያያዣ ማዛወር፣ መቃኛ መለወጥ፣ ጠርዝ መፋቅ አይችልም፤ ራሱን ለዕቃው ያስተካክላል እንጂ ዕቃውን ለራሱ አያስተካክልም። ሌሊቱን ከሞቀ አዳራሽ ውሎ በማለዳ ብርድ የወጣ ሰው ትከሻው ሲቆረጥመው «ብርድ መታኝ» ማለቱ ደግሞ የደጋ ሰው ልማድ ነው። ወጌሻ ያሻዋል፣ ቅቤ ይቀባል፤ ምሽት ሲደርስም ያንኑ ዕቃ በዚያው ትከሻ ላይ ያንጠለጥላል።

የሕክምናው ዓለምም ቢሆን ወደዚህ ጉዳይ የመጣው ዘግይቶ ነው። ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ እ.ኤ.አ. በ1700 ስለ ሠራተኞች በሽታ በጻፈው መጽሐፍ፣ ሐኪም ታማሚውን ሥራው ምን እንደሆነ እንዲጠይቅ አሳስቧል። ሙዚቀኞችን በሚመለከት ሰፊ ጥናት የተካሄደው ግን በ1980ዎቹ ነው። በአሜሪካ 2,212 የኦርኬስትራ ሙዚቀኞች በመለሱት መጠይቅ 76 በመቶዎቹ ጨዋታቸውን የሚያውክ ቢያንስ አንድ የጤና ችግር እንዳለባቸው ገልጸዋል። በጥናቱ የተካተቱት የኦርኬስትራ ሰዎች በመሆናቸው ቁጥሩን እንዳለ ወደ ቤዝ ጊታር መውሰድ አይገባም፤ ሆኖም የሙዚቀኛ ሕመም የጥቂት ሰነፎች ሰበብ አለመሆኑን አሳይቷል።

በቤዝ ተጫዋች ገላ ላይ የሚሆነው ነገር ከአናቶሚ አንጻር ግልጽ ነው። ጠባብ ማንገቻ በአንገትና በትከሻ መካከል ያለውን ጡንቻ ይጫናል፤ ከአንገት ወደ ክንድ የሚወርዱት ነርቮችም በዚያው አካባቢ ያልፋሉ። ማንገቻውን ከ5 ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ማስፋት ጫናውን በእጥፍ ስፋት ላይ ያሰራጨዋል፤ ክብደቱን ግን በአንድ ግራም እንኳ አይቀንስም፣ የሚዘቀዘቅ አንገትንም በራሱ አያቀናም። መሣሪያውን ለዓይን ማራኪ እንዲሆን እስከ ጭን ዝቅ አድርጎ የሚያንጠለጥል ወጣት የግራ እጁን አንጓ አጥብቆ ማጠፍ አለበት፤ አንጓው ሲታጠፍ ሚዲያን ነርቭ በሚያልፍበት ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል። በዚያ ላይ አንገቱን ደግፎ መያዝ ሲታከል የሚመጣው መደንዘዝ የሚያስገርም አይደለም። ስለዚህ እንዲህ ያለው ታማሚ ሲመረመር መሣሪያውን ይዞ እንዲመጣ ማድረግና በማንገቻው አንጠልጥሎ ሁለቱንም እጆቹን እንዲለቅ መጠየቅ ይጠቅማል። አንገቱ ወደ መሬት ከወረደ የሕመሙ አንድ ምክንያት በዓይን ታየ ማለት ነው፤ ለዚህ የሚጠፋው ጊዜ ግማሽ ደቂቃ አይሞላም።

ለችግሩ ከሁሉ የደፈረውን መፍትሔ ያመጣው የቤት ዕቃ ነዳፊ የነበረው ኔድ ስታይንበርገር ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) በኒው ዮርክ ብሩክሊን ከስቱዋርት ስፔክተር ጋር በአንድ የእንጨት ሥራ ቤት ሳለ በመጀመሪያ ገላውን ለሰው ሆድ እንዲስማማ ጎበጥ አደረገው። ቀጥሎም ከባዱ ነገር በአንገቱ ጫፍ ላይ ለምን ይቀመጣል ብሎ ጠየቀ። ራሱን ቆርጦ ጣለው፤ መቃኛዎቹን በገላው የታች ጫፍ አደረጋቸው፤ እንጨቱን በካርቦን ቃጫና በሙጫ ተካው፤ ማንገቻውንም በጀርባ በኩል በሚሽከረከር ማያያዣ አሰረው። በአሥርተ ዓመቱ ማብቂያ ለገበያ የቀረበው ይህ መሣሪያ እጅ ቢለቁትም ባለበት ይቆማል። ውድ ነበር፤ የጀልባ መቅዘፊያ ይመስላል ያሉትም ጥቂት አልነበሩም። ቀላል መቃኛ በተለመደው ቤዝ ላይ መግጠም ግን ብዙ ወጪ የለውም፤ ከላይ በተሰላው ምሳሌ የመቃኛዎቹ ክብደት በግማሽ ቢቀንስ አንገቱን የሚስበው ኃይልም በግማሽ ይቀንሳል።

ዛሬ በአዲስ አበባ የባህል ምሽት ቤቶች ቤዝ ክራር ከቤዝ ጊታር ጎን ቆሟል። ገላው ከተለመደው ክራር ይገዝፋል፤ ክሮቹ ወፍራም ናቸው፤ ድምፁም በኤሌክትሪክ ይጎላል። የክራር ተጫዋች ግራ እጅ ከክሮቹ ጀርባ ስለሚውል መሣሪያውን ደግፎ ለመያዝ ነፃ አይደለም፤ ቆሞ ሲጫወት ሁሉም ነገር በማንገቻው ላይ ይወድቃል። መልካሙ ነገር ቤዝ ክራር በእጅ የሚሠራ መሆኑና ሠሪውና ተጫዋቹ ፊት ለፊት የሚገናኙ መሆናቸው ነው። ማንገቻው የሚታሰርበትን ቦታ በሁለት ጣት ያህል ማዛወር ለሠሪው የአንድ ቀዳዳ ሥራ ነው።