«ኦሃዮ» ወይስ «ኦሃዮኦ»? እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ጃፓንኛ ማውራት የተማሩበት ታሪክ

ከዩኒቨርሲቲያችን ተመርቄ በጃፓን መንግሥት ስኮላርሺፕ ወደዚያ አገር በሄድኩ በሁለተኛው ወር ነው። ለቤተሰብ ደብዳቤ ልልክ ፖስታ ቤት ገባሁና ቴምብር ለመጠየቅ «ኪቴ ኩዳሳይ» አልኩ። ሠራተኛዋ ግር አላት። ደግሜ አልኳት። ይሄኔ ከመስኮቱ ኋላ ተነሥታ፣ ዞራ መጥታ አጠገቤ ቆመች። ለካስ «እባክሽ ነይ» ነበር ያልኳት! በጃፓንኛ ቴምብር ማለት ‹ቴ›ው ሲጠብቅ ነው፤ ሲላላ ግን «ነይ» ይሆናል። እኔ አላልቼው ኖሯል።

ስሕተቱ ብዙም አይገርምም። የሚገርመው የተሳሳትኩበት ቦታ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ማጥበቅና ማላላትን ከጃፓን ሄዶ አይማርም። በዓሉን «ገና» ስንል አጥብቀን፣ «ገና አልመጣም» ስንል አላልተን ነው ያደግነው። ታዲያ ምን ነካኝ? ጃፓንኛን የጀመርኩት ለእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ከተዘጋጀ መጽሐፍ ነበር። እዚያ ላይ ቃሉ በላቲን ፊደል በሁለት ‹ቲ› ተጽፏል። በእንግሊዝኛ ደግሞ ሁለት ‹ቲ› ስለተደረደረ ድምፁ አይጠብቅም። እኔም ተማሪ ቤት እንደለመድኩት አነበብኩት። በራሴ አፍ ሳይሆን በተውሶ አፍ ተናገርኩ ማለት ነው።

ነገሩ ስለከነከነኝ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ራሳቸው ይህን ቋንቋ እንዴት እንደተማሩት ማንበብ ጀመርኩ። ያገኘሁትን ባጭሩ ላካፍላችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የወደቡ ጃፓንኛ

የአሜሪካው ኮሞዶር ፔሪ በ1853 መርከቦቹን ይዞ ጃፓን ሲደርስ ሁለቱ ወገኖች የተነጋገሩት በዋናነት በሆላንድኛ ነው። ከዚያ በፊት ከሁለት መቶ ዓመት በላይ በናጋሳኪ እንዲነግዱ የተፈቀደላቸው አውሮፓውያን ሆላንዶች ብቻ ስለነበሩ አስተርጓሚ የሚገኘው በእነሱ ቋንቋ ነበር። በ1859 የዮኮሃማ ወደብ ለውጭ ንግድ ሲከፈት ግን እንግሊዝኛ ተናጋሪው ነጋዴ በብዛት መጣ። ከባለጀልባው፣ ከተሸካሚውና ከባለሱቁ ጋር የሚግባባበት ቋንቋ አስፈለገው። በዚህ የተነሣ አንድ የተደበላለቀ የወደብ ቋንቋ ተፈጠረ።

በ1879 ይህን ቋንቋ «የሚያስተምር» አንዲት ትንሽ መጽሐፍ እዚያው ዮኮሃማ ታትማ ወጣች። ግማሽ ቀልድ ናት። የጃፓንኛውን ቃል የምትጽፈው ድምፁ በሚመስለው የእንግሊዝኛ ቃል ነው። «እንደምን አደሩ» የሚለው «ኦሃዮኦ» የአሜሪካው ግዛት ኦሃዮ ሆኗል። «ምን» የሚለው «ናኒ» በእንግሊዝኛ ሞግዚት በሚለው ቃል ተጽፏል። ቀልድ ትሁን እንጂ የዘመኑን ጠባይ በደንብ ታሳያለች። ነጋዴው አፉን ማረም አላስፈለገውም፤ ገንዘቡ በእጁ ነበርና ባለጀልባው ነው የእሱን ጃፓንኛ የለመደው።

ሌላ መንገድ የያዙም ነበሩ። ሐኪምና ሚሲዮናዊ የነበረው አሜሪካዊው ጄምስ ሄፕበርን በ1859 መጥቶ በ1867 የጃፓንኛና እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አሳተመ። በ1886 በወጣው ሦስተኛ እትም የተጠቀመበት የላቲን አጻጻፍ በስሙ ይጠራል፤ ዛሬም በጃፓን የባቡር ጣቢያዎች የሚታየው በመሠረቱ እሱ ነው። ተነባቢዎቹ እንደ እንግሊዝኛ፣ አናባቢዎቹ እንደ ጣልያንኛ ይነበባሉ። ትልቅ ውለታ ነው፤ ግን ወጥመድም አለበት። ዓይን የለመደውን ፊደል ሲያይ አፍ የለመደውን ድምፅ ያወጣል። የእኔም የፖስታ ቤት ጉድ የመጣው ከዚህ ነው።

እንግሊዛዊው ኧርነስት ሳቶው ደግሞ በ1862 ዮኮሃማ ሲደርስ ገና የ19 ዓመት ልጅ ነበር። መማሪያ መጽሐፍ እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን ከጃፓናውያን መምህራን ጋር እየተቀመጠ ተማረ። በ1873 የኤዶን፣ ማለትም የዛሬዋን ቶኪዮ፣ የንግግር ቋንቋ የሚያለማምድ መጽሐፍ አወጣ። በ1876 ከኢሺባሺ ማሳካታ ጋር ሆኖ የንግግር ቋንቋ መዝገበ ቃላት አሳተመ። እሱና እሱን የመሰሉ ጥቂቶች በሚገባ ተሳክቶላቸዋል፤ ግን ያኔ ጥቂት ግለሰቦች እንጂ ትምህርት ቤት አልነበረም።

የጦርነቱ ትምህርት ቤት

ትምህርት ቤቱን ያመጣው ጦርነት ነው። በ1941 የአሜሪካ ባሕር ኃይል ጃፓንኛ በሚገባ የሚያውቁ መኮንኖቹ በጣም ጥቂት እንደሆኑ ሲገባው በበርክሌይና በሃርቫርድ ትምህርት ጀመረ። የመማሪያ መጽሐፎቹን ያዘጋጀው ቀደም ሲል በቶኪዮ የአሜሪካ ኤምባሲ ያስተምር የነበረው ናጋኑማ ናኦኤ ነው። በየካቲት 1942 ከወጣው የፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ በኋላ ግን የጃፓን ትውልድ ያላቸው ሰዎች ሁሉ ከምዕራብ ጠረፍ እንዲወጡ ተደረገ። መምህራኑም ከእነዚሁ ወገን ነበሩ። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ራሱ ተነሥቶ በዚያው ዓመት ቦልደር ወደሚገኘው የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ።

ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ቆየሁ። ከመምህራኑ አንዳንዶቹ ለማስተማር የመጡት በሽቦ ከታጠሩት ካምፖች ነው። ዘመዶቻቸው እዚያው ታግተው ሳሉ ለአጋቹ መንግሥት መኮንኖች የእናታቸውን ቋንቋ አፍ አስፈቱ። ክፍሎቹ ትንንሽ ነበሩ፤ መምህሩ በጃፓንኛ ይጠይቃል፣ ተማሪው በጃፓንኛ ይመልሳል። ከአንድ ዓመት ብዙም ባልበለጠ ጊዜ የሚናገርና የሚያነብ ሰው ይወጣ ነበር። ኋላ የጃፓንን ሥነ ጽሑፍ ለዓለም ያስተዋወቁት ዶናልድ ኪንና ኤድዋርድ ሳይደንስቲከር የዚህ ትምህርት ቤት ፍሬዎች ናቸው። ኪን በ2012 የጃፓን ዜግነት እስከ መውሰድ ደርሷል።

በዚያው ዘመን በዬል ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ ሊቁ በርናርድ ብሎክና ተማሪው ኤሊኖር ጆርደን የንግግር ጃፓንኛ መጽሐፍ አዘጋጁ፤ በ1945 ታተመ። ጆርደን ሥራውን ቀጥላ በ1962 የጀማሪዎች መጽሐፏን ስታወጣ የሄፕበርንን አጻጻፍ አልወሰደችም። ተማሪው ፊደሉን አይቶ እንግሊዝኛ እንዳያነብ የቋንቋውን የራሱን ሥርዓት የሚከተል ሌላ አጻጻፍ መረጠች፤ ድምፁ የት ከፍ፣ የት ዝቅ እንደሚልም ምልክት አደረገችበት። ኋላም ስታስተምር ሁለቱን ነገር ለየች፦ ስለ ቋንቋው ማብራሪያው በእንግሊዝኛ፣ ልምምዱ ግን ከጃፓናዊ መምህር ጋር በጃፓንኛ ብቻ። ጆሮና አፍ ይቅደሙ፣ ዓይን ይከተል ነው ነገሩ።

ችግሩ የቱ ጋ ነው?

እንግሊዝኛ ከቃሉ አንዱን ክፍል ይጫንና የቀረውን ይውጠዋል። ጃፓንኛ ግን እያንዳንዷን ምት በእኩል ይሰጣል። ቶኪዮ በእነሱ ቆጠራ አራት ምት ናት፦ ቶ፣ ኦ፣ ክዮ፣ ኦ። «ኦባሳን» አክስት ናት፤ «ኦባአሳን» ብለህ ብታረዝመው አያት ትሆናለች። «ሃሺ» በቶኪዮ አነጋገር ከፍ ብሎ ሲጀምር የመብያ እንጨት ነው፤ ዝቅ ብሎ ሲጀምር ድልድይ። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የዲፕሎማቶች ማሠልጠኛ ለጃፓንኛ ወደ 2,200 የክፍል ሰዓት የሚመድበው ወዶ አይደለም።

እኛስ? ማጥበቅና ማላላቱ አለን። ‹ር›ን ምላሳችንን አንዴ መታ አድርገን እንላታለን፤ ለጃፓንኛው ቅርብ ነው። ‹ካ፣ ኪ፣ ኩ፣ ኬ፣ ኮ› ብሎ ፊደል መቁጠር ለእኛ የአራት ዓመት ልጅ ሥራ ነው። እንዲያውም እነሱ የሚጠብቀውን ድምፅ በትንሽ ፊደል ያመለክታሉ፤ እኛ ሳናመለክት በልማድ እናነባለን። የጎደለን ሌላ ነው፦ በአማርኛ አናባቢን ማስረዘም የቃል ትርጉም አይለውጥም፤ የድምፅ ከፍታና ዝቅታም እንደ «ሃሺ» ቃልን ከቃል አይለይም። እኔ አክስትና አያትን ለመለየት አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ የሚደናቀፍበትና እኛ የምንደናቀፍበት ድንጋይ አንድ አይደለም። የእሱን መጽሐፍ ብቻ ይዘን ስንሄድ የእሱን ሕመም ተጋብተን የራሳችንን ሳንታከም እንቀራለን።

ይህን የምጽፈው በተለይ ለመምህራኖቻችን ነው። ዛሬ የሚማሩ ልጆቻችን ቻይንኛውንም ሆነ ጃፓንኛውን አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ በኩል ነው የሚያገኙት። መጽሐፉን አንጣለው፤ ጥሩ መጽሐፍ ነው። ግን ከፊቱ «አማርኛ ተናጋሪ ከሆንክ ይኼ ይቀልሃል፣ እዚህ ጋ ተጠንቀቅ» የምትል ሁለት ገጽ ብትታከልበት ብዙ ድካም ይቀንሳል። እንደዚሁም ለኦሮምኛ፣ ለትግርኛና ለሌሎቹ።

የጃፓን ትምህርቴን ጨርሼ ልመለስ ስል ያቺው ፖስታ ቤት ሄጄ ነበር። «ኪቴ»ን እንደ ገና በዓል አጥብቄ አልኩት። ሠራተኛዋ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ ቴምብሩን ቆርጣ ሰጠችኝ። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነው የዋልኩት።

በሌላ አገር ሌላ ቋንቋ የለመዳችሁ የባቻችን ልጆች፣ እናንተም የተደናቀፋችሁበትን ጽፋችሁ ወደ መገናኛ በዓላችን ይዛችሁ ኑ። ሁለቷን ገጽ አብረን እንጀምራታለን።